ምክር ከፎርም 1 ይጀምር፦ የስደተኛ ተማሪ የኮሌጅ መንገድ አጭር ታሪክ

በዚህ እትም በታሪክ ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ለብዙ ቤተሰብ ቅርብ ነው። ስደተኛ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ኮሌጅ የሚገባበት መንገድ እንዴት ተጀመረ? በመንገዱ ላይ የሚመክረው ማን ነበር? አሁንስ ማን ይምከረው? እነዚህን ጥያቄዎች እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቻችን አንዷ በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና፣ በኬ.ሲ.ኤስ.ኢ.፣ ቢ ፕላስ አመጣች። እዚህ ካኩማ ጠዋት ውኃ ተሰልፋ ቀድታ ትምህርት ቤት ለምትሄድ፣ ማታ በጎረቤት ሶላር ለምታጠና ልጅ ቢ ፕላስ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ሰፈሩ ቡና አፍልቶ መረቃት። ለስኮላርሺፕ ስታመለክት ግን በሰርተፊኬቷ ላይ ያለው ያባቷ ስም በቤተሰቡ የምዝገባ ወረቀት ላይ ካለው ጋር አልገጥም አለ። ልዩነቱ ሁለት ፊደል ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው በሁለት ሳምንት ሲሆን ሰርተፊኬት ማሳረም ደግሞ ወራት የሚወስድ ጉዳይ ነው። በሩ ተዘጋባት። «አይዞሽ፣ የሚቀጥለው ዓመት አለ» አልናት። በዓመቱ ስንፈልጋት ናይሮቢ ሰው ቤት ልትሠራ ሄዳለች ተባልን።

ያን ስም ስምንተኛ ክፍል እያለች ለፈተና ስትመዘገብ የጻፍነው እኛው መምህራኖቿ ነን። ወረቀቷን አላየንም፤ በጆሯችን የሰማነውን ጻፍን። ከዚያ በኋላ በነበሩት አራት የሁለተኛ ደረጃ ዓመታትም «እስቲ ወረቀቶችሽን አምጪና ጎን ለጎን እንያቸው» ያላት ሰው የለም። አባቶቻችን «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። ይቺ ልጅ እኮ እምቢ አላለችም። መጀመሪያውኑ የመከራት ሰው አልነበረም።

ምክር ለመጤ ልጆች የተጀመረ ሥራ ነው

ብዙ ሰው የትምህርት ቤት ምክር አገልግሎት ሲባል የተጣሉ ልጆችን ማስታረቅና ያረፈደን መቆጣት ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ «ይሄ የሀብታም ሀገር ነገር ነው፣ ለካምፕ ምን ያደርጋል?» ይላል። አጀማመሩን ያየ ሰው ግን እንደዚህ አይልም።

ፍራንክ ፓርሰንስ የሚባል አሜሪካዊ በ1908 በቦስተን ከተማ ወጣቶችን ስለ ሥራና ስለ ትምህርት የሚመክር ቢሮ ከፈተ። ሥራው የተጀመረው ከአውሮፓ ልዩ ልዩ አገሮች የመጡ መጤዎች በሚኖሩበት ሰፈር ነው። ልጆቹ ቋንቋውን ገና እየተማሩ ነበር፤ ወላጆቻቸው የአዲሱን አገር ትምህርት ቤትም ሆነ ፋብሪካ አያውቁትም፤ ልጁ ያገኘው ሥራ ላይ ይወድቃል እንጂ የሚመርጥበት ዕውቀት የለውም። ይህ ሁኔታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፓርሰንስ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ሐሳቡን የያዘው መጽሐፍ ግን በ1909 ታተመ።

የፓርሰንስ ትምህርት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወጣቱ ራሱን ይወቅ፤ ችሎታው ምን ላይ ነው? አቅሙስ እስከ የት ነው? ሁለተኛ፣ መንገዱን ይወቅ፤ ሥራው ወይም ኮሌጁ ምን ይጠይቃል? ዋጋውስ ስንት ነው? ሦስተኛ፣ እነዚህን ሁለቱን አገናዝቦ ይወስን። አማካሪው ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ያሰላል እንጂ አይወስንለትም። ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ገባ። ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ወደ ጠፈር ስትልክ ደግሞ አሜሪካኖች ደነገጡ፤ በ1958 ባወጡት የትምህርት ሕግም ለሁለተኛ ደረጃ አማካሪዎች ብዙ ገንዘብ መደቡ። ጎበዝ ልጅ በምክር እጦት እንዳይባክን ተፈለገ።

ማትሪክና ምደባ

በእኛ አገር ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908፣ ተፈሪ መኮንን በ1925 ተከፈቱ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ በ1943፣ ጄኔራል ዊንጌት በ1946 ተከተሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ጀመረ፤ በ1961 ወደ ዩኒቨርሲቲ አደገ። በዚያ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የሚጨርሰው ሰው ጥቂት ስለነበር መንግሥት በዓይን እያየ ይመርጠው ነበር። «ማትሪክ» የምንለው ቃልም የመጣው ያኔ ተማሪዎች ይፈተኑት ከነበረው የለንደን የመግቢያ ፈተና ነው። በኋላ የኢትዮጵያ የራሷ ፈተና ቢተካውም ስሙ በአፋችን ቀረ።

ማትሪክ ለቤተሰብ የሚገባ ነገር ነበር። ልጁ ይፈተናል፤ ነጥቡ ከሞላለት ምርጫውን በፎርም ይሞላል፤ ከዚያ መንግሥት ይመድበዋል። አባትና እናት ከጸሎትና ከስንቅ በቀር የሚያደርጉት ብዙ የለም። ይህ ልማድ ከእኛ ጋር ተሰድዶ ካምፕ ገብቷል። እዚህም ወላጅ «ልጄ ፈተናውን ይለፍ እንጂ ቀሪው ይመጣል» ይላል። ችግሩ እዚህ የሚመድብ የለም። በኬንያ የመንግሥት የዩኒቨርሲቲ ምደባ በዋናነት ለዜጎች የቆመ ነው፤ ስደተኛው ስኮላርሺፕ ፈልጎ ተወዳድሮ ማግኘት፣ አለዚያም ከፍሎ መማር አለበት። ፈተናው የመንገዱ ግማሽ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ ወረቀት፣ ቀንና መረጃ ነው። እሱን ደግሞ ካልነገሩት ማንም ልጅ በራሱ አያውቀውም።

የምሳሌ መጽሐፍ ተመራማሪው

ቀጥሎ የምንነግራችሁን ታሪክ ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት አይመስለንም። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ወደ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ወደ ገጠር ዘመቱ። ከዚያም ቀይ ሽብር መጣ። ከሞትና ከእስር ያመለጡ ተማሪዎች ወደ ሱዳን፣ ወደ ጂቡቲና ወደ ኬንያ ተሰደዱ። ናይሮቢ የደረሱት ትምህርታቸውን ከመካከል ያቋረጡ ነበሩ፤ አንዱ የሁለተኛ ዓመት፣ ሌላው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል።

በዚያ ጊዜ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሂው ፒልኪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ይህ ሰው የግዕዝ ተማሪ ነው። በ1978 ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት በግዕዙ መጽሐፈ ምሳሌ ላይ ነበር። የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ አንባቢያችን መጽሐፉ ልጅን ስለ መምከር ምን ያህል እንደሚናገር ያውቃል። ፒልኪንግተን ስደተኛ ተማሪዎችን መርዳት ጀመረ። ሥራው ሲሰፋ በ1977 ዊንድል የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። ተረጂዎቹ ከኢትዮጵያም፣ ከኡጋንዳም፣ ከሌሎች ጎረቤት አገሮችም የመጡ ነበሩ። እሱ በ1986 በአደጋ ሞተ፤ ያለውን ሀብት ግን ለዚሁ ሥራ አውርሶ ነበርና ሥራው አልቆመም። ዛሬ በካኩማና በዳዳብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን የሚያካሂደው ዊንድል ከዚያ የመጣ ነው።

እኛን በዚህ ታሪክ የገረመን የገንዘቡ ነገር አይደለም። አጀማመሩ ነው። አንድ መምህር አንድ ተማሪን ቁጭ አድርጎ «የት አቋረጥክ? ወረቀትህ የት አለ? ምን መማር ትፈልጋለህ?» ብሎ ሲጠይቀው ሥራው ተጀምሯል።

በዚያው ዘመን፣ በ1978፣ በካናዳ ሌላ በር ተከፈተ። ደብሊው.ዩ.ኤስ.ሲ. የሚባለው ድርጅት ስደተኛ ተማሪዎችን ወደ ካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች መውሰድ ጀመረ። የካናዳ ተማሪዎች ከየኪሳቸው ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ስደተኛውን እኩያቸውን ይረዳሉ። የሚሄደው ልጅ ትምህርትም ቋሚ መኖሪያም በአንድ ጊዜ ያገኛል። «ልጁ ካናዳ ሄደ» ሲባል ሰፈሩ ሁሉ እልል የሚለው ለዚህ ነው።

ካኩማ፣ 1992

ካምፓችን የተቋቋመው በ1992 ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ። እነዚህ ልጆች ከ1987 ጀምሮ በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ጋምቤላ ውስጥ በፑኝዶ ካምፕ ኖረዋል። በ1991 በአገራችን መንግሥት ሲለወጥ ከዚያም ተሰደው፣ ብዙዎቹ በመንገድ አልቀው፣ የተረፉት ቱርካና ምድር ደረሱ። ኢትዮጵያውያኑ ደግሞ በዋልዳ ካምፕ ቆይተን፣ ዋልዳ ሲዘጋ በ1993 ወደዚህ ተዛወርን። «ተዛወርን» ስንል የቀደሙት የማኅበረሰባችን አባላት ማለታችን ነው፤ እኛ ያኔ ሕፃናት ነበርን።

በዚያው በ1992 የጀርመን መንግሥት ዳፊ የሚባለውን ስኮላርሺፕ ጀመረ። ዳፊ ስደተኛውን በተጠለለበት አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ከ20 ሺህ በላይ ስደተኞች ተምረውበታል። እንግዲህ ካምፑና ስኮላርሺፑ እኩያ ናቸው። ይሁን እንጂ የካኩማ ልጅ ዳፊ የሚባል ነገር መኖሩን የሚሰማው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትምህርት በዛፍ ሥር ነበር። በኋላ በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት መማር ተጀመረ። ይህ 8-4-4 የሚባለው ሥርዓት በ1985 የተጀመረ ሲሆን ስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። የሁለተኛ ደረጃው ማጠናቀቂያ ኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1989 ነው። ለስደተኛ ልጅ የታወቀ ሰርተፊኬት መያዝ ትልቅ ነገር ነው፤ የትም አገር ይዞት ቢሄድ ይታወቅለታል። ግን ዋጋ ነበረው። ኪስዋሂሊ ግዴታ ነው። ከአገር ቤት አሥረኛ ክፍል ደርሶ የመጣ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት ስለሌለው ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ክፍል ተቀመጥ ይባል ነበር። ስለዚህ ፎርም 4 ሲጨርስ ዕድሜው ይገፋል፤ አንዳንዱ ስኮላርሺፕ ደግሞ የዕድሜ ገደብ አለው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን የሚነግረው ሰው ቢኖር ልጁ ዓመቱን ቆጥሮ ይሮጥ ነበር።

በ2000 እና በ2001 ወደ 3,800 የሚሆኑ የሱዳን ወጣቶች ወደ አሜሪካ ተወሰዱ። በካምፑ ታሪክ ይህ ትልቅ ለውጥ አመጣ። የሁሉም ዓይን ሪሴትልመንት ላይ ተተከለ። «ስማችን ከወጣ እዚያው እንማራለን» እያለ ከክፍል የቀረ ልጅ ብዙ ነው። ሰሌዳ ላይ ስም የሚጠብቅ ልጅ ደብተር አይከፍትም። ስሙ ያልወጣውም ዓመቱ ሄደበት። ተስፋን መንቀፋችን አይደለም። ሁለቱን ተስፋ ጎን ለጎን መያዝ እንደሚቻል የሚያስረዳ ሰው መጥፋቱን ነው የምንናገረው።

በሩ ሰፋ፣ ወረፋውም ረዘመ

ከ2010 ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። በዚያ ዓመት ኢየሱሳውያን ካኩማ ውስጥ በኢንተርኔት የሚሰጥ የዲፕሎማ ትምህርት ጀመሩ፤ ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው አሜሪካ ያለ ሬጂስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ2013 ደግሞ በዳዳብ የኬንያና የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው መምህራንን እዚያው ካምፕ ውስጥ ማስተማር ጀመሩ። በዚያው ዓመት በሁለቱም ካምፖች ለሴት ተማሪዎች የቅዳሜና የዕረፍት ጊዜ የማጠናከሪያ ትምህርት ተጀመረ።

በዓለም ደረጃም ቁጥሩ ተንቀሳቅሷል። ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. በ2016 እንዳወጣው ከመቶ ስደተኛ ወጣት ከፍተኛ ትምህርት የደረሰው አንድ ነበር። በ2023 ሪፖርት ሰባት ደረሰ። በ2030 አሥራ አምስት እንዲሆን ታቅዷል። ከአንድ ወደ ሰባት ማደጉ ያስደስታል። ከመቶው ዘጠና ሦስቱ የት ናቸው ብሎ መጠየቅ ግን የመምህር ሥራ ነው።

በሩ ሲሰፋ ወረፋው ረዘመ። ካኩማና ካሎበየይ ተደምረው ወደ 300 ሺህ ሰው ይዘዋል። እንዲህ ባለ ውድድር የሚያሸንፈው ሁልጊዜ ጎበዙ ልጅ አይደለም። ቀኑን ያወቀ፣ ወረቀቱ የተስተካከለ፣ ማመልከቻው ላይ ስለ ራሱ መጻፍ የተለማመደ ልጅ ይቀድማል። ታላቅ ወንድሙ ኮሌጅ የገባ ልጅ ይህን ከቤቱ ይሰማል። እናቱ ማንበብ የማትችል ልጅ ከማን ይስማ?

ምክሩ የት ቀረ?

ኬንያ የምክር አገልግሎት የላትም አንልም። የትምህርት ሚኒስቴሩ በ1971 ለዚህ ሥራ የሚሆን ክፍል አቋቁሟል። በ1976 የወጣው የጋቻቲ ኮሚቴ ሪፖርትም ምክር በትምህርት ቤቶች እንዲጠናከር አሳስቧል። በ2001 በትምህርት ቤት መግረፍ በሕግ ሲከለከል ደግሞ በአለንጋው ፋንታ ምክር ይተካ ተባለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንታዘባለን። ምክር በአለንጋ ፋንታ ስለገባ ሥራው የዲሲፕሊን ሥራ ሆኖ ቀረ። አማካሪ መምህር የሚጠራው ልጅ ሲያጠፋ ነው። ዝም ብላ የምትማር፣ ያላጠፋች፣ ኮሌጅ መግባት የምትችል ልጅ አማካሪው ቢሮ የምትሄድበት ምክንያት የላትም።

በዚያ ላይ አማካሪ የሚባለው እንደ ማንኛችንም ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር መምህር ነው። ካምፕ ውስጥ ደግሞ አብዛኞቻችን በኢንሴንቲቭ የምንሠራ ስደተኞች ነን። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥን አለን። «ራሱ ያልጨረሰ ሰው እንዴት ይመክራል?» የሚለን ወላጅ አጋጥሞናል። ጥያቄው ያማል፤ ግን ተገቢ ነው። መልሳችን እንዲህ ነው፦ መንገዱ የት ላይ እንደሚቆረጥ የምናውቀው እዚያው ቆሞ ስለቀረብን ነው። ያን ቦታ ለልጅ ማሳየት እንችላለን።

መንገዱ የሚቆረጥባቸው ቦታዎች ብዙ አይደሉም፤ እኛ የቆጠርናቸው አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ስምና የልደት ቀን ነው። የአማርኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ መልክ የለውም። «ኃይሉ»ን አንዱ በ«አይ»፣ ሌላው በ«ዋይ» ይጽፈዋል፤ «ፀሐይ»ን አንዱ በ«ቲ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። የአያት ስም አንዱ ወረቀት ላይ ይኖራል፣ ሌላው ላይ የለም። ቀኑም እንዲሁ ነው። ወላጅ በእኛ አቆጣጠር ይናገራል፤ መዝጋቢው የሰባት ወይም የስምንት ዓመቱን ልዩነት ሳያሰላ ይጽፋል፤ ቀኑ ያልታወቀለት ሁሉ ደግሞ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ይሆናል።

ሁለተኛው የትምህርት ዓይነት ምርጫ ነው። በ8-4-4 ተማሪው ፎርም 2 ሲጨርስ የሚፈተንባቸውን ቢያንስ ሰባት ትምህርቶች ይለይ ነበር። እንግሊዝኛ፣ ኪስዋሂሊና ሒሳብ ግዴታ ናቸው፤ ከሳይንስ ቢያንስ ሁለት ይያዛል። ነርስ መሆን እየፈለገች «ባዮሎጂ ከባድ ነው» በሚል ወሬ የተወችው ልጅ ስህተቷን የምታውቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ሦስተኛው የውጤት ትርጉም ነው። በኬንያ ለዲግሪ የሚያስፈልገው ዝቅተኛው አማካይ ውጤት ሲ ፕላስ ነው። ለዲፕሎማ ሲ ማይነስ፣ ለሰርተፊኬት ኮርስ ዲ ይበቃል። ሲ ያመጣ ልጅ «ወደቅሁ» ብሎ ሰርተፊኬቱን ሣጥን ውስጥ ሲከት አይተናል። ያልወደቀ ልጅ ወደቅሁ ብሎ ዓመታት ይቀመጣል። ከዲፕሎማ ተነሥቶ ዲግሪ መድረስ እንደሚቻል የነገረው የለም።

አራተኛው ቤት ውስጥ ያለው ነገር ነው። ሴት ልጅ ፎርም 2 ስትደርስ የጋብቻ ሽማግሌ ይመጣል። ወንዱ ደግሞ ቤተሰቡን ለመርዳት ሱቅ ይገባል። በ2025 የዕርዳታ ገንዘብ ቀንሶ ራሽን ሲቆረጥ ይህ ብሶ ታይቷል። እዚህ ላይ መካሪው መምከር ያለበት ልጁን ብቻ አይደለም፤ ቤት ሄዶ ከአባትና ከእናት ጋር ቡና መጠጣትም አለበት።

ምክር ስንል ተስፋ መሸጥ እንዳይመስልብን ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ኬንያ በ2021 አዲስ የስደተኞች ሕግ አውጥታለች፤ በ2025 ደግሞ ካምፖቹን ቀስ በቀስ ከአካባቢው ኅብረተሰብ ጋር የሚያዋሕደውን የሺሪካ ዕቅድ ይፋ አድርጋለች። ቢሆንም ዲግሪ የያዘ ስደተኛ ሁሉ በማግስቱ ሥራ አያገኝም። ይህን ለተማሪው በግልጽ መንገር አለብን። መካሪ የማይዋሽ ሰው ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

አሁን ጉዳዩ የባሰ አስቸኳይ ሆኗል። የስምንተኛ ክፍሉ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2023 ነው። በአዲሱ ሥርዓት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በጃንዋሪ 2026 አሥረኛ ክፍል ገብተዋል። እነዚህ ልጆች ከሦስት ዘርፎች አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፦ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ወይም ሥነ ጥበብና ስፖርት። ምርጫውን የሚያደርጉት ዘጠነኛ ክፍል ሆነው ነው። በዕቅዱ መሠረት የመጨረሻው ኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. በ2027 ይሰጣል። ቀድሞ ፎርም 2 መጨረሻ ላይ ይመጣ የነበረው ውሳኔ ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው። እኛ ግን አሁንም የምንመክረው ፎርም 4 ላይ ነው። ውጤት ከወጣ በኋላ የሚሰጥ ምክር ማጽናናት ነው።

እኛ በበኩላችን ከሦስት ክፍል አንድ ትንሽ ሥራ ጀምረናል። ገንዘብ አልጠየቀም፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ባለ 32 ገጽ ደብተር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተማሪው ስምና የልደት ቀን ከቤተሰቡ የምዝገባ ወረቀት ፊደል በፊደል ይገለበጣል፤ ወላጅ አይቶ ይፈርማል፣ መጻፍ የማይችል በጣቱ ያትማል። በሁለተኛው ገጽ ልጁ ሊሆን የሚፈልገውና ያ ሥራ የሚጠይቃቸው ትምህርቶች ይጻፋሉ። በሦስተኛው ገጽ ስኮላርሺፖች በየትኛው ወር እንደሚከፈቱ፣ የዕድሜና የውጤት ወሰናቸው ይያዛል። ከዚያ በኋላ ባሉት ገጾች በየተርሙ አንድ መምህር ከልጁ ጋር ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ የተነጋገሩትን ይጽፋል። ደብተሩ ክፍል ቢለወጥ፣ መምህር ቢሄድ ከልጁ ጋር ይኖራል።

በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከአንድ ክፍል አሥራ አንድ ልጆች ስማቸው በሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አሥራ አንዱም ለማሳረም ገና ጊዜ አላቸው።

ወላጆች ሆይ፣ ከእናንተ የምንፈልገው ብዙ አይደለም። የልጃችሁ መምህር ሲጠራችሁ የምዝገባ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ አትፈሩ፤ ስማችሁ እንዴት እንደሚጠራ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ኮሌጅ የገባችሁ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች፣ ለዕረፍት ወደ ካምፕ ስትመጡ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡን። መምህራን ጓደኞቻችን፣ ለፈተና ስትመዘግቡ በጆሮ አትጻፉ።

ያቺን ልጅ አሁንም እንፈልጋታለን። ሰርተፊኬቷ ታርሞ ተቀምጧል። ያለችበትን የምታውቁ ካላችሁ «መምህራኖችሽ ወረቀቱ ተስተካክሏል ብለዋል» በሏት።